እግራቸውን የሚሰጡ አይጦች

ደብረ ታቦር ልሄድ መሆኔን የሰማ የድሬዳዋ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ብርድ ልብስ አለህ ወይ? ለምን እንደምሄድ የጠየቀችኝ ባለቤቴ ብቻ ናት። አይጥ ሲራመድ ለማየት እንደሆነ ስነግራት ልብሴን ማጣጠፏን ቀጠለች። አብረን ብዙ ዓመት ስለኖርን አዲስ ነገር አልሆነባትም።

ሥራዬ ይህ ነው። ለነርቭ ጉዳት መድኃኒት ይሆናል የተባለ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚሞከረው በአይጥ ላይ ነው። አይጡን አደንዝዘው ጭኑ ውስጥ ያለውን ነርቭ ለጥቂት ጊዜ በመቆንጠጫ ይጫኑታል፤ እግሩ ይዝላል። ከዚያ መድኃኒቱን እየሰጡ ቶሎ ይራመድ እንደሆነ ይጠብቃሉ። ነርቩ በራሱ ጊዜም ስለሚያገግም ጥያቄው መዳኑ ላይ ሳይሆን ፍጥነቱ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አረማመዱን በሚሊሜትር መለካት አለበት። ያ ሰው መድኃኒቱን የወሰደው አይጥ የትኛው እንደሆነ፣ ውሃ ብቻ የተሰጠው የትኛው እንደሆነ ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ ዓይኑ ያዳላል። እንግዲህ እኔ የምከበረው በማላውቀው ነገር ነው ማለት ነው።

የጠራኝ መምህር አንማው ይባላል። አዲስ አበባ አንድ ሥልጠና ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ተጋርተን ተዋወቅን፤ ከዚያ ወዲህ በበዓል በበዓል ስልክ እንደዋወላለን። ደብረ ታቦር ያስተምራል፤ ለመመረቂያው የያዘው ጉዳይ የጉና ገበሬዎች እጅ ወይም እግር ሲዝል አፍልተው የሚጠጡት አንድ ሥር ነው። የሥሩን ስም እንዳልጽፍ ቃል አስገብቶኛል። ፈቃዱን ሲያስጨርስ፣ አይጦቹን ከአዲስ አበባ በመኪና ሲያስመጣ፣ ብርዱ ሲገድልበት እንደገና ሲያስመጣ ሁለት ዓመት አለፈ። የመጨረሻው ልኬት ሲደርስ ደግሞ ለኪው ባልደረባው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። "ማንንም የማያውቅ፣ ምንም የማያውቅ ሰው እፈልጋለሁ" አለኝ በስልክ። ቅር አላለኝም። ውሃ ከጠጡት ይልቅ ሥሩን የጠጡት ቶሎ ከተራመዱ በጥር ሥራውን አቅርቦ ይመረቃል። ሁለቱ ዓመታት በእኔ ማስመሪያ ላይ ቆመዋል ማለት ነው፤ ይህን እሱም አልደበቀኝም።

ሰኞ። ከድሬዳዋ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ባሕር ዳር ገባሁ። ባሕር ዳር ከእኛ ከተማ ጋር ትግባባለች፤ ባጃጅ አለ፣ ዘንባባ አለ፣ ሰው ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ቬንትሌተር ያለው አልጋ ክፍል አግኝቼ መስኮቱን ከፍቼ ተኛሁ። "ይሄማ ምን ይከብዳል" ብዬ ለባለቤቴ መልእክት ላክሁ። የቸኮልኩት እዚህ ላይ ነው።

ማክሰኞ። አንማው ከሰዓት በኋላ ስላለው መንገድ ዋስትና የለም ስላለኝ ገና ሳይነጋጋ መናኸሪያ ደረስኩ። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ሐሙሲት ላይ ጉልበታቸው የማይታጠፍ አንዲት እናት ወረዱ፤ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊጠመቁ ነው። ሁለት ሰው ደግፎ ሲያወርዳቸው ዓይኔ እግራቸው ላይ ተተከለ፤ ይህ የሥራ ልማድ ነው፤ ገበያ መሐልም አይተወኝም። ወረታ አካባቢ ሩዝ እየታጨደ ነበር። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ሆነ፤ መስኮቱን የሚዘጋ ሰውም በዛ። ሁለት ቦታ ለፍተሻ ወርደን መታወቂያ አሳየን። ለሦስተኛ ጊዜ የወረድነው ግን በጎማ ምክንያት ነው።

ጎማው እስኪቀየር መንገድ ዳር ቆምን። ነፋሱ የሚመጣው ከጉና በኩል ነው ይላሉ፤ እኔ በሸሚዝ ነበርኩ። ጃኬቴ ሻንጣዬ ውስጥ፣ ሻንጣዬ መኪናው ጣራ ላይ፣ ከላዩ ደግሞ የሰው ጤፍ ተጭኖበታል። ከጎኔ የነበሩ ሰውዬ ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። "ኧረ አንተስ?" አልኳቸው። "እኔ እኮ የዚሁ ነኝ" አሉ። ደብረ ታቦር ስንደርስ ልመልስላቸው ብል አልተቀበሉኝም፤ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለውን መድኃኒት ቤት በአገጫቸው አሳይተውኝ "ስትጨርስ እዚያ ተውልኝ" ብለው ሄዱ። ድሬዳዋ ላይ እንግዳ ሲመጣ ከወንበራችን ተነስተን ጥላው ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ ጥላችንን ግን ይዞ እንዲሄድ አንሰጠውም።

አንማው አቅፎ ተቀበለኝ፤ ከስቷል። ሆቴል አስገባኝና በሩ ላይ ቆሞ አስጠነቀቀኝ። "እስከ ሰኞ ስለ አይጦቹ አናወራም። ዝርዝሩ ፖስታ ውስጥ ታሽጎ ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ነው።" እሱ ከአይጦቹ ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ እኔም ከሙቀት ሌላ የምለው አጣሁ።

ረቡዕ። ጧት የቧንቧውን ውሃ ስነካው እጄ ደነዘዘ። የሆቴሉ ሠራተኛ ሳልጠይቃት በማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ አምጥታ "እንግዳ በዚህ አይታጠብም" አለችኝ። እስከ መጨረሻው ቀን በየጧቱ አመጣችልኝ።

አይጦቹ ያሉበት ክፍል በአንድ ረጅም ሕንፃ ጫፍ ላይ ነው። አሥራ ስድስት የሽቦ ጎጆ፣ በየጎጆው አንድ አይጥ፣ በየጎጆው ላይ ቁጥር ብቻ። የምትጠብቃቸው አስረበብ ትባላለች፤ የሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ሴት ናት፤ ብዙ ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ ተመልሳ እዚህ ተቀጥራለች። ሥራዋ መመገብ፣ ማጽዳትና አንማው ሥሩን ወይም ውሃውን ሲያጠጣ አይጡን መያዝ ነው። እኔን እንዳታዋራ ስለተነገራት ሰላምታ ከሰጠችኝ በኋላ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። እኔም ከእሷ ጋር ስለ አየሩ እንኳ ላለማውራት ወሰንኩ፤ አየሩ ብቻ በቂ ወሬ ይወጣው ነበር።

የምለካበት መንገድ ቀላል ነው። ከጣውላ የተሠራ ረጅም ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ወለሉ ላይ ነጭ ወረቀት እናነጥፋለን፤ ጫፉ ላይ ጨለማ ሳጥን እናስቀምጣለን። የአይጡን የኋላ እግሮች ቀለም ነክረን እንለቀዋለን፤ አይጥ ጨለማ ስለሚወድ ዱካውን እየተወ ወደ ሳጥኑ ይሄዳል። የዛለ እግር ጣቶቹን አይዘረጋም፣ ተረከዙን ይጎትታል፤ ዱካው ረጅምና ጠባብ ይሆናል። እግሩ እየዳነ ሲሄድ ጣቶቹን ዘርግቶ ያርፋል፤ ዱካው ያጥርና ይሰፋል። እኔ እሱን እለካለሁ።

ቀለሙን ከድሬዳዋ አምጥቼ ነበር። ሻንጣዬን ስከፍት ጠርሙሱ አውሮፕላን ላይ ፈስሶ ሦስት ሸሚዞቼንና ባለቤቴ የላከችውን ሐልዋ አጥቁሯል። ከተማው ውስጥ ያገኘነው የማኅተም ቀለም ብቻ ነው፤ ሽታው ሲደርሳቸው አይጦቹ መራመዱን ትተው እግራቸውን መላስ ጀመሩ። አንማው ራሱን ይዞ ቆመ። "መሪጌታ ጋ እንሂድ" ያለችው አስረበብ ናት፤ ከነጠላዋ ሥር።

መሪጌታ ብራና የሚጽፉ የቤተ ክርስቲያን መምህር ናቸው፤ ቀለማቸውን የሚያዘጋጁት ራሳቸው ናቸው፤ ከጥላሸትና ከሌላ እኔ ከማላውቀው ነገር። ቁርበት ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። እኔ ፈጥኜ "ቀለም ትሸጥልናለህ?" አልኳቸው። ድሬዳዋ ላይ አባቴን የሚያክል ሰው "አንተ" ብዬ ነው ያደግሁት፤ እኛ ጋ ማንም አይቆጣም፣ እንዲያውም "እርስዎ" ያልነው ሰው ምን አጠፋሁ ብሎ ያስባል። አንማው ጎኔን በክርኑ ጎሰመኝ። መሪጌታ ግን ሳይቆጡ አንማውን ዞር ብለው አዩት።

"እንግዳው ከወዴት ናቸው?"

"ከድሬዳዋ ናቸው፣ የኔታ።"

"ሩቅ ነው" አሉ፤ በዚያ ይቅርታ አደረጉልኝ። "ለምን ያሻችሁ ነበር ቀለሙ?"

አንማው አስረዳቸው። ስለ ነርቩ፣ ስለ ሥሩ፣ ስለ ወረቀቱ ሲናገር አዳመጡ። "የአይጥ እግር" የሚለው ላይ ሲደርስ ፊታቸውን ቋጠሩ። ተነሱና ከጥግ የሸክላ ዕቃ አመጡ። "ይኼ የመጻፊያው አይደለም፤ ተማሪ የሚለማመድበት ነው። ሽታ የለውም። ሲያልቅ ኑ፤ ወረቀቱንም አሳዩኝ።" በዚያ ቀለም አይጦቹ እንደ ልባቸው ሄዱ። ሐሙስ አንዱን ወረቀት ወስጄ ባሳያቸው ረጅም ጊዜ ተመልክተውት "መስመር ይስታል እንጂ እጁስ ደግ ነው" አሉ።

ሐሙስና ዓርብ። ሁለቱን ቀናት አንድ ላይ የምጽፈው አንድ ዓይነት ስለነበሩ ነው፤ ከአንድ ነገር በቀር።

አስረበብ አይጡን ደረቱ ላይ ይዛ ወደኔ ታዞርልኛለች፤ እኔ የኋላ እግሩን በብሩሽ ቀለም እቀባለሁ። ጤነኛ አይጥ እግሩ ሲነካ ይሰበስበዋል፤ ይታገላል፤ አንዳንዱ ይነክሳል። አንደኛውና ሁለተኛው እንዲያ አደረጉ። ሦስተኛው ግን የተጎዳውን እግሩን ራሱ ዘረጋና መዳፉን አስረበብ አውራ ጣት ላይ አሳርፎ ጠበቀ። እንዲህ ያለ ነገር በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም። አስረበብ ወደ መስኮቱ ተመለከተች። እኔ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ "እግሩን ይሰጣል" ብዬ ጻፍኩ፤ ያየሁትን ሁሉ መጻፍ ግዴታዬ ነው።

አምስተኛውም ሰጠ። ስድስተኛውም። ዓርብ ማታ ወረቀቶቼን ስቆጥር ከአሥራ ስድስቱ ስምንቱ ላይ ያንኑ ጽፌአለሁ። አሥራ ስድስት አይጥ በሁለት ቢከፈል ስንት እንደሆነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ማወቅ የሌለብኝን ነገር ላውቅ ተቃርቤአለሁ፤ ፈራሁ። ምናልባት ሥሩ ገራም ያደርጋቸው ይሆናል ብዬ ገመትኩ፤ ወዲያው ደግሞ መገመቴ አበሳጨኝ። አስረበብን ብጠይቃት ትነግረኛለች፤ ከነገረችኝ ግን ልኬቴ ዋጋ የለውም። ስለዚህ የወረቀቶቹን ቁጥርና ጠርዝ ወደ ኋላ አጠፍኩ፣ እንደ ካርታ በወዝኳቸውና የትኛው የማን እንደሆነ ሳላውቅ ዱካዎቹን ለካሁ። ለምሳ የጾም ሽሮ ቀረበልኝ፤ ሲቀዘቅዝ በላሁት።

ቅዳሜ። አንማው "ሥሩ የሚበቅልበትን ታያለህ" ብሎ ወደ ጉና ወሰደኝ። እስከ አንድ ቦታ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሄድን። ለእኔ በቅሎ ተለምኖልኝ ነበር፤ ከድሬዳዋ የመጣ ሰው በቅሎ ላይ ምን እንደሚመስል ያየው አንማው ብቻ ስለሆነ ተርፌአለሁ። ገብሱ ታጭዷል፣ ድንቹ እየተቆፈረ ነው። በየመቶ እርምጃው ቆሜ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ጋቢውን ገና አልመለስኩም፤ በየጧቱ መድኃኒት ቤቱ ጋ ይዤው እሄዳለሁ፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ "ገና ነህ፤ ልበሰው" ይለኛል።

ያስተናገዱን ሥሩን ለአንማው መጀመሪያ ያሳዩት ገበሬ ናቸው፤ አያ ምትኩ ይባላሉ። በር ላይ ወጥተው ሲቀበሉን አረማመዳቸውን አየሁ። የቀኝ እግራቸው ጣቶች ከግራው ዘግየት ብለው ይነሳሉ፤ እሱም ቢሆን እንደኔ ያለ ሥራ ፈት ካላየው አይታወቅም። ገብስ ዳቦና ትኩስ ድንች በተልባ ቀረበልን፤ ጠላም ተቀዳ። እኔ ብርዱን ስታገል አይተው ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ከጋቢው ላይ ደረቡልኝ። ከዚያ በኋላ መንቀሳቀስ ስላልቻልኩ ያጎርሱኝ ነበር።

"እስቲ ለእንግዳው ይንገሩት" አላቸው አንማው።

"ምኑን ነው የምነግረው? ተበቅሎ ጀርባ ወደቅሁ። ይኼ እግሬ እንደ ጨርቅ ሆነ። አባቴም ይጠጡት የነበረውን ሥር ቆፈርሁና አፍልቼ ጠጣሁ። ይኸው ቆሜ አረስሁ።"

"በስንት ጊዜ ዳኑ?" አልኩ፤ ደግሞ "እርስዎ" ማለቴን ለማረጋገጥ አንማውን አየት አደረግሁ።

"በልግ ወድቄ ለመኸር ደረስሁ። ያው እሷም ደከመች እንጂ" አሉና ድንቹን ወደምትልጠው ባለቤታቸው ጠቆሙ። "ጧት ማታ እግሬን ተጉልበቷ ላይ አድርጋ ስታሸው፣ ስታጥፈው፣ ስትዘረጋው ነው የከረመችው።"

አንማው የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። "አያ፣ ይሄን እኮ ነግረውኝ አያውቁም።"

"መች ጠየቅኸኝ? አንተ የጠየቅኸኝ መድኃኒቱን ነው።"

ባለቤታቸው ሳቁ። "እሱ ደግሞ ይነገራል? ሰው ሲዝል ይታሻል፤ ያለ ነው" አሉ። አንማው ደብተሩን አላወጣም። ለእሱ ገና ጨዋታ ነበር፤ እኔ ግን አስረበብ አውራ ጣት ላይ ያረፈች ትንሽ መዳፍ ትዝ አለችኝ። የት እንደደረስን ገባኝ፤ የቀረኝ ስምንቱ ሥሩን የጠጡት ይሁኑ ውሃውን ማወቅ ብቻ ነው። ባናው ሥር ሆኜ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ትክክል ነበር፤ ለአንማው ግን አዘንኩለት። ስንወርድ "ምነው ዝም አልክ?" ሲለኝ ከፍታው ነው አልኩት።

እሑድ። አረፍን። ሸሚዞቼን አጠብኩ፤ የመጀመሪያው ቀለም አለቀቀም።

ሰኞ። ፖስታው በኃላፊው ፊት ተፈረመበትና አንማው እጅ ገባ። አይጦቹ ክፍል ውስጥ ሦስታችን ቆምን፤ አንማው፣ አስረበብና እኔ። አንማው እያንዳንዱን ቁጥር ጠርቶ "ሥር" ወይም "ውሃ" ይላል፤ እኔ ልኬቱን አነባለሁ፤ እሱ በሁለት ዓምድ ይጽፋል። አሥረኛው ላይ ድምፁ ቀነሰ። ሲያልቅ ደመረ፣ አካፈለ፣ እንደገና ደመረ። ሁለቱ ዓምዶች እኩል ነበሩ። እንዲያውም ውሃ ከጠጡት አንዱ ከሁሉም በልጦ ተራምዷል።

"አይሠራም" አለና ወንበር ላይ ተቀመጠ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ሥር ስቀቅል ነው የከረምኩት።"

ከዚያ ወረቀቶቹን አገላበጠና ጠርዙን አየ። "እግሩን ይሰጣል ማለት ምንድን ነው?" አለኝ። ስምንቱን ወረቀቶች ለይቶ ዘረጋቸው። ስምንቱም ውሃ የጠጡት ነበሩ። መልሱ የእኔ አልነበረም።

"እሱ የኔ ነው፣ መምህር" አለች አስረበብ። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። "እግራቸውን የማሸው እኔ ነኝ። ጧት ሳጸዳ፣ ማታ ስዘጋ።"

"የውሃዎቹን ብቻ?"

"ለነዚያ መድኃኒት ይሰጧቸዋል። ለነዚህ ውሃ። ጉዳታቸው እኮ አንድ ነው። ስይዛቸው አየዋለሁ፤ አንዱ ቡናማ ይጠጣል፣ አንዱ ነጭ። ግፍ መሰለኝ።"

አንማው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ማሸት ከየት ተማርሽ?"

"ዓረብ አገር የያዝኋት አሮጊት ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ያላት ነበረች። ሐኪሙ በሳምንት ሁለቴ ይመጣና ያሳየኛል፤ የቀረውን እኔ። ሦስት ዓመት አሸኋት። አገሬ ልገባ ስነሳ እስተ በሩ በእግሯ መጥታ ሸኘችኝ።" ይህን ስትናገር አላለቀሰችም፤ እንደ ሥራ ልምድ ነው የነገረችው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መድኃኒት መች ነው እሱ?" አለች፤ ከልቧ ግራ ገብቷት። ጎጆዎቹን አየት አድርጋ ደግሞ "አበላሸሁ?" አለች።

አንማው ከወንበሩ ተነስቶ ወጣ። እኔና እሷ ከአይጦቹ ጋር ቀረን። ማውራት የተፈቀደልን ገና ያን ጊዜ ነበር። እሷ ግን ጎጆዎቹን ማጽዳት ጀመረች። ሦስተኛው ጎጆ ጋ ስትደርስ እጇን ከተተች፣ ወዲያው መልሳ አወጣችና ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው።

እራት ላይ አንማው የመጣው አንድ ሐሳብ ይዞ ነው። እየፈራ ነው የተናገረው። "ጠርዙ ላይ የጻፍከውን ብንተወው፣ ውጤቱ ሥሩ አይሠራም የሚል ይሆናል። ቁጥሩ ያንተ ነው፣ ውሸት የለበትም። አይሠራም ብሎ የተመረቀ ሰው ሞልቷል። በጥር እጨርሳለሁ። አስረበብም አትጠየቅም።"

"ጠርዙን ከጻፍነውስ?"

"ከጻፍነውማ ሙከራው የለም። ያልታሸ፣ ያልጠጣ አንድም አይጥ አልነበረኝም ማለት ነው። ሥሩ ይሥራ አይሥራ አይታወቅም። እንደገና መጀመር ነው።"

ክፋት አልነበረበትም፤ ደክሞት ነበር። ብፈርምለት ማንም አይጠይቀኝም። እኔ በማግስቱ ሙቀቴ ውስጥ እገባለሁ። ነገር ግን ሥሩ ምናልባት ይሠራል፤ ሥሩ ያደረገውን ያህል የአስረበብ እጅም አድርጎ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን አይሠራም ብለን ልንዘጋው ነው። አያ ምትኩ ይህን ቢሰሙ የሚስቁብን መሰለኝ። "ወረቀቱ ያንተ ነው፤ ፊርማው የኔ ነው" አልኩት። "ካየሁት ውስጥ ግማሹን ቆርጬ አልፈርምም።" አነጋገሬ ደረቅ ነበር፤ ወዲያው ጸጸተኝ፤ ቃሌን ግን አላነሳሁም። እራቱን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ።

ማክሰኞ። ጧት ልሰናበት ስገባ አንማው ቀድሞኝ ደርሷል። ዓይኑ አብጧል። ጠረጴዛው ላይ በማስመሪያ የተሰመረ አዲስ ወረቀት አለ፤ አራት ዓምድ። ሥርም እጅም። ሥር ብቻ። እጅ ብቻ። ውሃ ብቻ። ከላይ የጻፈውን ቀን ሳይ በጥር መመረቁ እንደቀረ ገባኝ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ቢደርስለት ዕድለኛ ነው።

አስረበብን ጠርቶ አንድ በአንድ አስረዳት። ደግሞ "ከእንግዲህ ማሸቱም ሥራሽ ነው፤ በሰዓት ታሺያለሽ፣ ትጽፊያለሽ" አላት። ፊቷ በራ። ወረቀቱን በጣቷ ተከትላ አራተኛው ዓምድ ላይ ቆመች።

"እነዚህ ሥሩም እጁም አይደርሳቸውም?"

"አይደርሳቸውም። እነሱ ከሌሉ የሌሎቹ ወሬ ነው እንጂ ማስረጃ አይሆንም።"

ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። "ገብቶኛል፣ መምህር" አለች። "እነሱን ግን ሌላ ሰው ይጠብቅልዎ። እኔ እጄን አላምነውም።"

አንማው አልተቆጣም። "እሺ" ብቻ አላት። እኔም ወረቀቶቼን ከነጠርዛቸው ፈርሜ አስረከብኩ። ጋቢውን መድኃኒት ቤቱ አስቀመጥኩ፤ የጋቢው ባለቤት ሁለት ጊዜ መጥተው "እንግዳው እስኪሄድ ይቆይ" ብለው መመለሳቸውን ባለ መድኃኒት ቤቱ ያን ጊዜ ነገረኝ። ስማቸውን ጠይቄ ምስጋናዬን ጽፌ ኪሱ ውስጥ ልከት ብል ጋቢ ኪስ የለውም። ወረታ ስንደርስ ሞቀኝ፤ ባሕር ዳር ስገባ ላበኝ።

ቤቴ ከገባሁ ሁለት ወር አለፈኝ። ባለቤቴ ስለ ደብረ ታቦር ስትጠይቀኝ የምነግራት ስለ ሙቅ ውሃው፣ ስለ ባናውና ስለ ጋቢው ነው። ባለፈው ሳምንት አንማው ደወለ። አዲሶቹ አይጦች ደርሰዋል፣ ጉዳታቸውም ተሠርቷል፣ ለመጨረሻው ልኬት እንድመጣ ይፈልጋል። አስረበብ ደብተሯን በሰዓትና በደቂቃ እየሞላች ነው አለኝ፤ ከእሱ ይልቅ እሷ ጠንቃቃ ሆናለች።

"አራተኛዎቹንስ ማን ይጠብቃቸዋል?" አልኩት።

"እኔው። ሌላ ሰው አላመንኩም። አበላለሁ፣ አጸዳለሁ፣ እወጣለሁ።" ከዚያ ደግሞ እንዲህ አለኝ፤ "ስገባ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ በሩ ይመጣሉ። አብልቼ እንደጨረስኩ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው የምቆመው።"

"ብርዱ በረታ እንዴ?"

"ብርዱ አይደለም" አለኝ።